አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (1868–1947 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ የቋንቋ መምህር፣ ሠዓሊ፣ የመንግሥት ሹምና ዲፕሎማት ነበሩ። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ጣልያን አገር በመምህርነት ሲኖሩ በ1908 ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በተባለው መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን አንባቢዎች ይበልጥ የሚያውቁት «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ነው። ከዚህ ሌላ ነጋድራስ አፈወርቅ የአማርኛ ሰዋስው፣ የንግግር መማሪያ መጻሕፍትና የዳግማዊ አጤ ምኒልክን ታሪክ ጽፈዋል።

ሕይወታቸው ግን በሥነ ጽሑፍ ብቻ የሚነገር አይደለም። በጣልያን ወረራ ዘመን (1936–1941) ከወራሪው ጋር በመተባበራቸው፣ ከነጻነት በኋላ ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ጅማ ላይ አርፈዋል። በዚህ ምክንያት ስማቸው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በሁለት መንገድ ይነሣል፤ በአንድ በኩል የዘመናዊ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጀማሪ፣ በሌላ በኩል ባንዳ ተብለው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ከተባለው በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

አፈወርቅ የተወለዱት በ1868 በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ምዕራብ ዳርቻ በምትገኘው በዘጌ ነው። ዘጌ በሦስት ወገን በውኃ የተከበበች፣ በቡና ደን የተሸፈነች ምድር ስትሆን፣ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ቤተ ማርያም ያሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አሉባት። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞሉ ናቸው። በዚህ አካባቢ ለሚያድግ ልጅ የግዕዝ ንባብ፣ ዳዊትና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የዕለት ተዕለት ነገሮች ነበሩ። በኋላ ዘመን አፈወርቅ በሠዓሊነትም በጸሐፊነትም መታወቃቸው ከዚህ አስተዳደግ ጋር የሚስማማ ነው።

ቤተሰባቸው ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ጋር ዝምድና ነበረው። ጣይቱ በ1883 የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ማግባታቸው ለዘመዶቻቸው የቤተ መንግሥት በር ስለከፈተ፣ ወጣቱ አፈወርቅም ወደ ሸዋ ለመቅረብ ዕድል አገኙ።

ትምህርት በቶሪኖ

በ1880ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ አማካይነት ከጣልያን መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የመሣሪያ ንግድ ግንኙነት ነበራቸው። በዚሁ ግንኙነት አፈወርቅ በ1887 ለትምህርት ወደ ጣልያን ተላኩ፤ በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የአልበርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚም ሥዕል ተማሩ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አልሞላም ነበር።

በዚያን ጊዜ ለትምህርት ወደ ኤውሮፓ የሚላክ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ከተላኩትም የሚበዙት በሚሲዮናውያን በኩል የሄዱ ሲሆኑ፣ አፈወርቅ ግን በቤተ መንግሥት ፈቃድ የተላኩ ነበሩ። ጣልያን በበኩሏ አገሪቱ አንድ ከሆነች ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ለመያዝ የምትሽቀዳደም መንግሥት ነበረች። ወጣቱ ተማሪ ቋንቋዋን፣ ሥነ ጥበቧንና አኗኗሯን ወደደ። ይህ ፍቅር እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም።

ከእንጦጦ ወደ ኑሻቴል

አፈወርቅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ነበር። በእንጦጦም ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠሩ ታዘዙ። ይሁን እንጂ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ሳይስማሙ ቀሩ፤ ኑሯቸውም በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ምቹ አልሆነም።

በ1894 የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ሲጓዝ፣ አፈወርቅ የራስ ዳርጌን ልጅ ጉግሣንና ቅጣው ዘአማኑኤልን ከመሰሉ ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። የተቀመጡትም ፈረንሳይኛ በሚነገርባት በኑሻቴል ከተማ ነበር።

በዚህ መካከል በኢትዮጵያና በጣልያን መካከል የነበረው ወዳጅነት ፈረሰ። የጠቡ አንዱ መነሻ በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነበር። የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከሌሎች የኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት ለመጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ግዴታ አድርጎታል። በአንድ ግሥ ልዩነት ጣልያን ኢትዮጵያን የእርሷ ጥገኛ አድርጋ ለዓለም አስታወቀች፤ ምኒልክም ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም እስከ ዓድዋ ጦርነት (መጋቢት 1 ቀን 1896) ደረሰ።

ጦርነቱ በተካሄደበት ወቅት አፈወርቅና ጓደኞቻቸው ከስዊዘርላንድ ወደ ጣልያን ተሻገሩ። የጣልያን ባለ ሥልጣናት በተለይ የንጉሣዊ ቤተሰብ ተወላጅ የሆነውን ጉግሣን በምኒልክ ላይ መሣሪያ ሊያደርጉት አስበው ነበር። የዓድዋ ድል ግን ይህን ሐሳብ ከንቱ አደረገው። ለአፈወርቅ ውጤቱ ከባድ ነበር። ከአገራቸው ጋር በጦርነት ላይ ወዳለ መንግሥት በመሄዳቸው በምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ ከዳተኛ ተቆጠሩ፤ ለብዙ ዓመታትም ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ አልቻሉም። ኑሯቸውን በጣልያን መሠረቱ፤ ጣልያናዊት ሚስትም አገቡ።

መምህርነት በናፖሊ

በ1902 አፈወርቅ በናፖሊ ከተማ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። ተቋሙ በኤውሮፓ ካሉት የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። መነሻው በ1732 ማቴዎ ሪፓ የተባለ ካህን ለቻይናውያን ተማሪዎች ያቋቋመው ኮሌጅ ሲሆን፣ በ1888 የምሥራቃውያን ተቋም ተብሏል፤ ዛሬም በናፖሊ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይገኛል። የአማርኛው ትምህርት ኃላፊ ፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ሲሆኑ፣ አፈወርቅ የእርሳቸው ረዳት ሆነው ሠሩ።

ጣልያን ኤርትራን ከጥር 1 ቀን 1890 ጀምሮ ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ነበር። ስለዚህ ወደ አፍሪካ ለሚሄዱ ሹማምንት፣ መኮንኖችና ነጋዴዎች የአካባቢውን ቋንቋዎች ማወቅ የሥራ ጉዳይ ሆነ። በአንድ ግሥ ትርጉም የተነሣ ጦርነት ላይ ለደረሱ ሁለት መንግሥታት ደግሞ አማርኛን በትክክል ማወቅ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግልጽ ነበር።

አማርኛን በኤውሮፓ ያስተማሩ ኢትዮጵያዊ አፈወርቅ ብቻ አይደሉም። በ17ኛው መቶ ዓመት አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ ዕውቀታቸውን አካፍለዋል፤ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳትሟል። በአፈወርቅ ዘመንም አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ከ1905 ጀምሮ በበርሊን አማርኛ አስተምረዋል። አለቃ ታዬ በኋላ የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ ጽፈዋል። ሁለቱም መምህራን በባዕድ አገር ቋንቋቸውን ሲያስተምሩ የአገራቸውን ሥነ ጽሑፍና ታሪክ መጻፋቸው ያመሳስላቸዋል።

የቋንቋ መጻሕፍት

አፈወርቅ ለማስተማር የሚሆን በቂ መጽሐፍ ስላልነበረ ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። ዋና ዋናዎቹ የቋንቋ ሥራዎቻቸው የሚከተሉት ናቸው፤

- የአማርኛ ሰዋስው፤ በጣልያንኛ የተጻፈ፣ ተግባራዊ የማስተማሪያ ዘዴ የያዘ (ሮም፣ 1905)
- የጣልያንኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ (ሮም፣ 1905)
- የሐበሻ አገር መንገደኛ መሪ፤ በፈረንሳይኛና በአማርኛ (ሮም፣ 1908)
- የአማርኛ ግሥ፤ በጣልያንኛ (ሮም፣ 1911)

ለግሥ ብቻ አንድ መጽሐፍ መመደባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ ግሥ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። አልነገረችኝም በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ድርጊቱ፣ ጊዜው፣ አድራጊዋ ሴት፣ የሚመለከተው ሰውና አሉታው ሁሉ ይገኛሉ። ግሡን የማያውቅ የውጭ አገር ተማሪ ሌላውን ቃል ሁሉ ቢሸመድድም አማርኛ ለመናገር አይችልም።

ሌላው ችግር ጥብቀት ነው። የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። ገና የሚለው ቃል ናው ሲጠብቅ የልደትን በዓል፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለትን ያመለክታል፤ አለ የሚለውም ለው ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ይገልጻል። ይህን ተማሪው ከመጽሐፍ ብቻ ሊያገኘው አይችልም፤ ቋንቋውን በአፉ ከፈታ ሰው መስማት አለበት። ጋሊናን የመሰለ ምሁር ባለበት ተቋም አፈወርቅን የመሰለ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አማርኛ የሆነ መምህር ያስፈለገው አንዱም ለዚህ ነው።

የመንገደኛው መሪ የተሰኘው መጽሐፍ ደግሞ ከቋንቋ ትምህርት አልፎ ይሄዳል። በጭውውት መልክ የቀረበ ሲሆን፣ በንግግሮቹ መካከል ደራሲው የዘመኑን የኢትዮጵያ ኑሮ ይተቻሉ። በተለይ ወታደሩ በገበሬው ላይ የሚያደርሰው በደል፣ የአስተዳደሩ ድካምና የዕደ ጥበብ መናቅ ይነሣሉ። አገር ቤት ሆኖ እንዲህ በግልጽ ማሳተም በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነበር። ሆኖም የትችቱ መለኪያ ዘወትር ኤውሮፓ፣ በተለይም ጣልያን ነበረች።

ልብ ወለድ ታሪክ

በ1908 ሮም ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ከመቶ ገጽ የማይበልጥ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሮም በግዕዝ ፊደል ኅትመት ረጅም ታሪክ አላት፤ በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣው በዚያች ከተማ ነው። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም እዚያው ታተመ።

ታሪኩ በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል በተነሣ ጦርነት ይጀምራል። በጦርነቱ የተሸነፈ አንድ የክርስቲያን የጦር አለቃ ተማርኮ ባሪያ ይሆናል። አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ስላወጣው ወደ ሚስቱና ወደ ሁለቱ መንታ ልጆቹ ይመለሳል። ልጆቹ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቲቱ ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ የአባቱን ባለ ውለታ ፍለጋ ወጥቶ እርሱም በተራው በባርነት ይያዛል። በዚህ ጊዜ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች።

አባትና ልጅ ከብዙ መከራ በኋላ በአረመኔው ንጉሥ ግቢ ይደርሳሉ። ንጉሡ በወጣቱ እንግዳ መልክና ጠባይ ይማረካል፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ደግሞ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻ ምሥጢሩ ሲገለጥ ንጉሡ ጦቢያን፣ ዋሕድም የንጉሡን ዘመድ ያገባሉ። ንጉሡና ሕዝቡ ክርስትናን ይቀበላሉ፤ ጠብም በጋብቻና በእምነት ይፈታል።

ሴራው ከተረት ዓለም ብዙም የራቀ አይደለም። ያልታሰበ መገናኘት፣ የልብስ መለወጥና የደግነት ዋጋ ማግኘት በአፈ ታሪክና በገድላት ውስጥ የተለመዱ ናቸው። አዲስ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ይጻፍ የነበረው በአብዛኛው ዜና መዋዕል፣ ሃይማኖታዊ ጽሑፍ፣ ደብዳቤና የነገሥታት ውዳሴ ነበር። ደራሲው ከራሱ ልብ የፈጠራቸውን ሰዎች ይዞ፣ እውነት ነው ሳይል፣ ለአንባቢ ደስታ ታሪክ ሲተርክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዋናዋ ባለ ታሪክ ደግሞ ሴት ናት፤ ነገሩን የምትፈታውም እርሷ ናት።

የመጽሐፉ አማርኛ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ተደንቋል። የቃላቱ ብዛት፣ የተፈጥሮ ገለጻውና የምሳሌያዊ ንግግሩ ሀብት ከአገሩ ብዙ ዓመት የራቀ ሰው የጻፈው አይመስልም። ጦቢያ የሚለው ስምም ተራ የሴት ስም ብቻ አይደለም፤ በሕዝብ አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ነውና አንዳንድ አንባቢዎች በወጣቷ መከራና ድል ውስጥ የአገርን ዕጣ አይተዋል።

የመጽሐፉ ርእስ ከመጽሐፉ አልፎ ሄዷል። ልብ የወለደው ታሪክ የሚለው ትርጉሙ ቀርቶ፣ ዛሬ ልብ ወለድ የሚለው ቃል በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት መጠሪያ ነው። መጽሐፉን የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት በ1964 ታትሟል።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ

በ1909 አፈወርቅ «ዳግማዊ አጤ ምኒልክ» የተባለውን የታሪክ መጽሐፍ ሮም ላይ አሳተሙ። መጽሐፉ የንጉሠ ነገሥቱን ትውልድ፣ በመቅደላ በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ያሳለፉትን የግዞት ዘመን፣ በ1865 ከዚያ ማምለጣቸውን፣ ከዚያም ሸዋን መግዛታቸውንና ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ይተርካል። አጻጻፉ ከዜና መዋዕል ልማድ የወጣ ነው፤ ጸሐፊው በቤተ መንግሥት ታዝዞ የሚጽፍ ጸሐፌ ትእዛዝ ሳይሆን፣ በውጭ አገር ተቀምጦ በራሱ ሐሳብ የሚጽፍ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሚዛናዊ አይደለም። ምኒልክን እጅግ ሲያሞግስ አጤ ዮሐንስ 4ኛን በጠላትነት ይገልጻል። ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የሞቱ ንጉሥ በመሆናቸው ይህ አቀራረብ ብዙዎችን አሳዝኗል። ከተቺዎቹ መካከል የዓድዋው ተወላጅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይገኙበታል። ገብረ ሕይወት በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ታሪክ ጸሐፊ ከወገንተኝነት መራቅ እንዳለበት አስረድተው የአፈወርቅን መጽሐፍ ነቅፈዋል። ይህ ክርክር በዘመናዊ አማርኛ የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ከተደረጉት የመጀመሪያ ሂሶች አንዱ ነው። ታሪክ እንዴት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ በአማርኛ በግልጽ የተነሣው በዚህ አጋጣሚ ነበር።

ከዓድዋ በፊት ከንጉሠ ነገሥቱ ለተለዩት ለአፈወርቅ ግን መጽሐፉ ሌላም ጥቅም ነበረው። ወደ አገር ቤት ለመመለስ ለሚፈልግ ስደተኛ፣ በንጉሡ ውዳሴ የተሞላ ታሪክ የዕርቅ እጅ መንሻ ነበር ብለው የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ።

ወደ አገር መመለስና የመንግሥት ሥራ

አፈወርቅ በ1912 አካባቢ ከናፖሊ ተነሥተው ወደ ኤርትራ መጡ፤ በዚያም በንግድ ሥራ ተሰማሩ። ምኒልክ በ1913 ዐረፉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡና ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሲሆኑ፣ የውጭ አገር ቋንቋና ትምህርት ላላቸው ሰዎች አዲስ የሥራ በር ተከፈተ። አፈወርቅም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ወደ መንግሥት አገልግሎት ገቡ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ፤ ነጋድራስ የሚለውንም ማዕረግ አገኙ። ድሬዳዋ በ1902 የምድር ባቡር የደረሰባት፣ ከጂቡቲ የሚመጣው ዕቃ የሚያልፍባት ከተማ ስለነበረች ሹመቱ ቀላል አልነበረም። ቀጥሎም በአዲስ አበባ የልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። ይህ ፍርድ ቤት በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ዜጎች መካከል የሚነሡ ክርክሮችን የሚያይ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፈወርቅን በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ አድርገው ሾሟቸው። በወጣትነታቸው የተማሩበትንና ያስተማሩበትን አገር አሁን በአገራቸው ወኪልነት አገኙት። ጊዜው ግን ሙሶሊኒ ለወረራ የሚዘጋጅበት ነበር። በታኅሣሥ 1934 የወልወል ግጭት ተነሣ፤ በ1935 የጣልያን ወታደሮች በመርከብ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ይጋዙ ጀመር። በጥቅምት 3 ቀን 1935 የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ።

በወረራው ዘመን

የጣልያን ጦር በግንቦት 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ገባ። ነጋድራስ አፈወርቅ ከወራሪው መንግሥት ጋር ተባበሩ። በዳኝነት ሥራ ተሹመውም አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። ማዕረጉ በጥንቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ከፍተኛ ዳኛ ይጠራበት የነበረውን አፈ ንጉሥ የሚለውን ስም የተከተለ ነው፤ ልዩነቱ ንጉሡ በቄሣር መተካቱ ነበር።

ይህ በሆነበት ጊዜ ሌሎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዕጣ ፈጽሞ የተለየ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ በውጭ አገር የተማሩ ብዙ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። የአፈወርቅ የዘመን አቻ የሆኑት ታላቁ ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1938 እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ዐረፉ። ብዙ አርበኞችም በየጫካው አምስት ዓመት ሙሉ ተዋጉ።

አፈወርቅ ከወራሪው ጋር የተባበሩበትን ምክንያት ጸሐፊዎች በልዩ ልዩ መንገድ ያስረዳሉ። አንዳንዶቹ ሥልጣንንና የግል ጥቅምን ያነሣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለጣልያን ሥልጣኔ የነበራቸውን አድናቆት፣ አገራቸውንም በዚያ መለኪያ ዝቅ አድርገው ማየታቸውን ይጠቅሳሉ። በ1896 የመረጡትንም በ1936 እንደገና መምረጣቸውን የሚያመለክቱ አሉ። ከጽሑፎቻቸው እንደሚታየው የኢትዮጵያን ድካም ለማየት ዓይናቸው የተከፈተ ነበር። በቅኝ ገዥው ላይ ግን ይህን የመሰለ ትችት አላቀረቡም።

ፍርድና ፍጻሜ

በ1941 ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ አፈወርቅ ተያዙ። ከጠላት ጋር በመተባበር ተከሰው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ግን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ወደ ጅማ ተልከው የመጨረሻ ዓመታታቸውን በዚያ አሳለፉ። የዓይናቸውን ብርሃንም አጥተው ነበር። በሠዓሊነት ለጀመሩና በመጽሐፍ ለኖሩ ሰው ይህ ከእስራቱ የማያንስ ቅጣት ነበር። በ1947፣ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው፣ ጅማ ላይ ዐረፉ።

በሥነ ጽሑፍና በታሪክ ያላቸው ቦታ

የአፈወርቅ ሥራዎች ከሞታቸው በኋላ በሁለት አቅጣጫ ሲጠኑ ቆይተዋል። በውጭ አገር ጣልያናዊው ሉዊጂ ፉሴላ ስለ ጽሑፎቻቸው ጥናት አቅርበዋል፤ ፈረንሳያዊው አላን ሩኦ ደግሞ ሕይወታቸውን የሚመለከት ሙሉ መጽሐፍ በ1991 አሳትመዋል። በኢትዮጵያም «ጦቢያ» የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በሚነገርበት ሁሉ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል።

ከእርሳቸው በኋላ የአማርኛ ልብ ወለድ ወዲያው አላደገም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከአገር ውጭ የታተመ በመሆኑ በአገር ውስጥ የነበረው አንባቢ ጥቂት ነበር። ቀጣዩን እርምጃ የወሰዱት እንደ «ወዳጄ ልቤ» እና «አዲስ ዓለም» ያሉትን መጻሕፍት የደረሱት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት በአገር ቤት ታትመው ለአገር ቤት አንባቢ የቀረቡ ነበሩ።

ስለ አፈወርቅ የሚደረገው ክርክር አንድ ሰው በሥራው ወይስ በተግባሩ ይመዘን ወደሚል ጥያቄ ያመራል። ሥራቸውን ብቻ የሚያይ ሰው በስደት ሆነው አማርኛን ለባዕድ ያስተማሩ፣ ለቋንቋው ሰዋስውና ልብ ወለድ ያበረከቱ ሊቅ ያገኛል። ተግባራቸውን ብቻ የሚያይ ደግሞ አገሩ ሁለት ጊዜ በተወረረች ጊዜ ሁለት ጊዜም ከወራሪው ጎን የተገኘ ሰው ያያል። ሁለቱም የአንድ ሰው ሕይወት ክፍሎች ናቸው። አፈወርቅን ለጣልያን ያቀረባቸው ትምህርትና ኑሮ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ለመጻፍም ዕድል ሰጥቷቸዋል፤ በመጨረሻም ከገዛ ወገናቸው ለይቷቸዋል።

ዛሬ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ልብ ወለድ የሚለው ቃል በየቀኑ ይነገራል። ቃሉን የሚጠቀሙት ተማሪዎች አብዛኞቹ በ1908 ሮም ላይ የታተመውን ትንሽ መጽሐፍ አላነበቡም፤ የመምህሩንም ፍጻሜ አያውቁም።